ያልተነበበው ክምር፦ ይነበብ፣ ይሰጥ፣ ይሸጥ ወይስ ይቀመጥ?

ነገሩን ያስጀመረው ምስጥ ነው። ዓምና ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ባሕር ዳር ሽምብጥ ባለችው ቤታችን፣ ከአልጋው ራስጌ ወለል ላይ የቆለልኩትን መጽሐፍ ላነሳ ስል የታችኛው አልነሳ አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ከሲሚንቶው ስንጥቅ የወጣች፣ እንደ እርሳስ የቀጠነች የጭቃ መስመር በጀርባ ሽፋኑ በኩል ገብታለች። ገለጥኩት። ዳር ዳሩ አለ፣ መሀሉ ግን አፈር ሆኗል።

የተናደድኩት በመበላቱ አይደለም፤ ምስጡ ቀድሞኝ በመጨረሱ ነው። እኔ ገጽ 23 ላይ ነበርኩ። ያቆምኩበት እንዳይጠፋኝ የሰካሁት የአውቶቡስ ትኬት እዚያው አለ። ከአዲስ አበባ ስመለስ የጀመርኩት ነው፤ አባይ በረሃ ሳንደርስ እንቅልፍ ወስዶኝ ይሆናል።

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። «ይኼኛውስ ተነበበ ተብሎ ይቆጠራል?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ክምሩን ለመቀነስ ያልሞከርኩት ዘዴ የለም ማለት ይቻላል። አንዳንዱ ሠራ። አንዳንዱ ጭራሽ ክምሩን አሳደገው። እንደኔ መጽሐፍ ሲያይ እጁ ወደ ኪሱ የሚሄድበት ሰው ካለ፣ የትኛው መንገድ ለማን እንደሚሆን ያየሁትን ልንገረው።

መጀመሪያ ቁጥሩ

በማግስቱ ቆጠርኩ። ቤት ውስጥ ካሉት 211 መጻሕፍት ያላነበብኳቸው 127 ሆኑ። የጨረስኩትን በደብተር መመዝገብ ልማዴ ስለሆነ የዓመቱ ንባቤም ይታወቃል፦ 16። በዚያው ዓመት ቤት የገባው፣ ስጦታውን ጨምሮ፣ 31 ነው። ክምሩ በዓመት በ15 ያድጋል ማለት ነው። ከነገ ጀምሮ አንድም ባልገዛ እንኳ ያለውን ለመጨረስ ስምንት ዓመት ገደማ ይፈጅብኛል።

ጣናን አስቡት። ግልገል አባይ ይገባበታል፣ ጉማራ ይገባበታል፣ ርብና መገጭ ይገቡበታል። የተፈጥሮ መውጫው ግን አንድ ነው፣ አባይ። የኔም ቤት እንደዚያው ነው። ከአዲስ አበባ ጉዞ ይገባል፣ ከአዟሪ ይገባል፣ ከመጽሐፍ ምርቃት ይገባል፣ ከጓደኛ ይገባል። መውጫው የኔ ሁለት ዓይን ብቻ ነው፤ እሱም ከሥራ በኋላ የደከመ። ጣና ቢያንስ ጨራ ጨራ ላይ የውኃውን ልክ የሚቆጣጠር በር ተሠርቶለታል። እኔ በር የሚባል ነገር አልነበረኝም።

ስለዚህ ምንም ከመወሰናችሁ በፊት ሦስቱን ቁጥር ያዙ፦ ያልተነበበው ስንት ነው፣ በዓመት ስንት ይገባል፣ ስንት ይነበባል። የሚገባውና የሚነበበው ከተቀራረቡ ችግራችሁ የቦታ ነው፤ አናጢ ጠርታችሁ መደርደሪያ አሠሩና ተገላገሉ። የሚገባው የሚነበበውን እጥፍ ከሆነ ግን የቱንም ያህል ብትሰጡ፣ የቱንም ያህል ብትሸጡ፣ በዓመቱ እዚያው ናችሁ። መጀመሪያ መግቢያው ነው።

መግቢያው ላይ፦ ጾም ወይስ ልክ?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚመክራችሁ «በቃ፣ መግዛት አቁም» የሚለውን ነው። እኔም ሞከርኩት። ዐቢይ ጾምን ምክንያት አድርጌ፣ 55 ቀን መጽሐፍ አልገዛም አልኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንደ ዋዛ አለፉ። በሦስተኛው ሳምንት ከጓደኞቼ መዋስ ጀመርኩ። የተዋስኩት ደግሞ ከገዛሁት የባሰ ነው፤ ባለቤቱን መንገድ ላይ ባየሁ ቁጥር «እያነበብኩት ነው» ማለት አለብኝ። ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ዘጠኝ መጽሐፍ ገዛሁ። ጾሙን በአንድ ሳምንት አካካስኩት።

ለነገሩ መግዛት ማቆም እኛ አገር የማይሠራበት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ መጽሐፍ ታትሞ ካለቀ አለቀ ነው። ጥቂት ሺህ ቅጂ ይታተማል፤ ዳግም መታተሙን የሚያውቅ የለም። ሁለተኛ፣ ዋጋው አይጠብቅም። መደርደሪያዬ ላይ ካሉት የአንዱ የጀርባ ሽፋን «ዋጋ 85 ብር» ይላል። ዛሬ በዚያ ብር አንድ ብርጭቆ ጭማቂ ይገኝ እንደሆነ እንጃ። ወረቀቱ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ዶላር በጨመረ ቁጥር መጽሐፍም ይጨምራል፤ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያው ከተለቀቀ ወዲህ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። «ዛሬ ካልያዝኩት ነገ አልችለውም» ብሎ የሚገዛ ሰው ሞኝ አይደለም። ያልተነበበ ክምራችን ግማሹ ስንፍና ከሆነ ግማሹ ፍርሃት ነው።

ለዚህ ነው ከጾሙ ልኩን የመረጥኩት። ሕጉ አጭር ነው፦ ሁለት አንብብ፣ አንድ ግዛ። የኪስ ቦርሳዬ ውስጥ ትንሽ ካርድ አለች። አንድ ስጨርስ አንድ ጭረት እጭራለሁ። ሁለት ጭረት ሲሞላ አንድ እገዛለሁ፣ ከዚያ እሰርዛቸዋለሁ። ዓምና ባነበብኩት ልክ ብቆይ እንኳ 16 ይወጣል፣ 8 ይገባል። ከመጨመር ወደ መቀነስ ዞረ ማለት ነው፣ ያውም የመግዛትን ደስታ ሳያስቀር። በዓመት ሦስት ጊዜ ደግሞ «ካለፈች አትገኝም» ለምትባል መጽሐፍ ሕጉ ይሻራል። ከሦስት በላይ ከሆነ ግን ሕግ የለም ማለት ነው።

ካርዷ የምትፈተነው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሐይቁ ዳር ካለች ጭማቂ ቤት ነው። መጽሐፍ አዟሪው በዚያ በኩል ያልፋል። ወፍራም ወፍራሙን ከሥር፣ ስስ ስሱን የግጥም መድበል ከላይ አድርጎ፣ ከክንዱ እስከ አገጩ ይደረድረዋል። የላይኛውን በአገጩ ደገፍ አድርጎ ነው የሚያወራው።

«ጋሼ፣ ይቺን አይተዋታል? ሁለት ፍሬ ነው የቀረችኝ።»

ካርዴን አወጣሁ። «አንድ ይቀረኛል።»

«ምን?»

«ማንበብ። ሁለት ካላነበብኩ አንድ መግዛት አልችልም።»

ሳቀና አገጩን ከመጽሐፉ አነሳ። «እንደሱ ከሆነማ እኛ ጦማችንን ልናድር ነው!»

ምርጫው እንግዲህ እንዲህ ነው። የቤት ኪራይና የልጆች ወጪ እየነካችሁ የምትገዙ ከሆነ ጾሙ ይሻላል፤ ግን አንድ ወር ብቻ ይሁን፣ 55 ቀን አታድርጉት። ገንዘቡ ሳይሆን ቦታውና ሕሊናው ከሆነ የከበዳችሁ፣ ልኩን ያዙ።

ንባቡ ላይ፦ ዘመቻ ወይስ የቀን ድርሻ?

ዘመቻ የምለው «በክረምቱ ዕረፍት አሥር እጨርሳለሁ» የሚባለውን ነው። በየዓመቱ እለዋለሁ። ሦስት ከጨረስኩ ጎበዝ ነኝ። ዕረፍት ሲመጣ ዘመድ ይመጣል፣ ሠርግ ይመጣል፣ ጣሪያ ያፈሳል።

የቀን ድርሻን የተማርኩት ዘጌ ነው። ከባለቤቴ ጋር ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ልንሳለም በጀልባ ሄድን። ስንክሳር እንዴት እንደሚነበብ አንድ ዲያቆን ሲያስረዳን ነበር። የእያንዳንዱ ቀን ንባብ ለብቻው ተለይቶ ተቀምጧል፤ የዛሬው ዛሬ ይነበባል፣ የነገው ለነገ ይቆያል። ያን የሚያህል ብራና በዓመት አንዴ ዳር እስከ ዳር ይዘለቃል፣ ማንም ሳይቸኩል። ስንመለስ ጀልባው ላይ በጣቴ ሒሳብ ስሠራ መጣሁ።

በቀን 10 ገጽ በዓመት 3,650 ገጽ ነው። አንድ መጽሐፍ በአማካይ 250 ገጽ ቢሆን ወደ 15 መጽሐፍ ይጠጋል። ይህ እኔ ያለምንም ዕቅድ ከማነበው አይለይም። በቀን 15 ገጽ ሲሆን ግን 5,475 ይመጣል፤ 22 መጽሐፍ ገደማ። አምስት ገጽ በዓመት ሰባት መጽሐፍ ይጨምራል ብሎ ማን ያስባል? እኔ አንዱን ገጽ በሁለት ደቂቃ ተኩል ስለማነብ 15ቱ አርባ ደቂቃ እንኳ አይሞሉም። ልጆቹ ከመነሳታቸው በፊት ግማሹን፣ ማታ ግማሹን። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ጉርሻ ነው፤ ስልኩ ቻርጅ ይጨርሳል፣ መጽሐፍና ሻማ ይቀራሉ።

ድርሻው የማይሠራበትም አለ። ግጥም በገጽ አይቆጠርም። አራት መስመር አንብባችሁ መስኮት ላይ የምትቆሙበት ቀን አለ፣ ያ ቀን ባዶ ተብሎ መመዝገብ የለበትም። ወፍራም የታሪክ መጽሐፍም በየሰባቱ ገጽ ሲቆራረጥ ስሙና ዘመኑ ይጠፋፋል፤ እሱን ለበዓል ሰሞን ተዉት። ለልቦለድ፣ ለግለ ታሪክ፣ ለጉዞ ማስታወሻ ግን ከድርሻ የሚበልጥ አላየሁም። ዘመቻ የሚሆነው ፈተና ላለበት ተማሪ ብቻ ነው፤ እሱም ግድ ስለሆነበት።

ማጣሪያው፦ 30 ገጽ

ክምሩ አንድ ዓይነት ይመስላል እንጂ ውስጡ የተለያየ ነው። ስለያየው አራት ዓይነት ሰው አገኘሁበት፣ ሁሉም እኔ ነኝ። አንደኛው ማስተርስ ሊማር አስቦ የተወው ነው፤ የእሱ የማኔጅመንት መጻሕፍት አሉ። ሁለተኛው በመጽሐፍ ምርቃት አዳራሽ ውስጥ ስሜት ይዞት የገዛው ነው። ሦስተኛው ስጦታ እምቢ ማለት የማይችለው። አራተኛው ብቻ ነው ማንበብ የፈለገው።

ለዚህ የ30 ገጽ ፈተናን እመክራለሁ። በሳምንት አምስት መጽሐፍ ታወጣላችሁ፣ ከእያንዳንዱ 30 ገጽ ታነባላችሁ። በ30ኛው ገጽ ላይ ቀጣዩን ገጽ ካልፈለጋችሁት ይወጣል። ፈተናው የሚጎዳቸው አሉ፤ ቀስ ብለው የሚሞቁ ልቦለዶች በ30 ገጽ አይታወቁም። ስለዚህ እምነት የምጥልበት ሰው የመከረኝን መጽሐፍ እስከ 60 እታገሠዋለሁ። እስካሁን 40 ፈትኜ 22 አለፉ፣ 18 ወደቁ። ከወደቁት ውስጥ «ያሳዝናል» ያልኩት አንድ ብቻ ነው። የማኔጅመንቶቹ ሲወጡማ ከትከሻዬ ላይ ጆንያ የወረደ መሰለኝ።

የሚወጣው ወዴት ይውጣ?

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ መሸጥን ያስባል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አያዋጣም። የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴው መርጦ ነው የሚወስደው። 11 ይዤ ሄድኩ፣ 4 መረጠ፣ ለአራቱ የሰጠኝ ብር የባጃጅ ሲቀነስ ለማኪያቶም አልተረፈኝ። አልፈርድበትም፤ እሱም መደርደሪያ ላይ ወራት ያስቀምጠዋል። ከመሸጥ መለወጥ ይሻላል። ሁለት ሰጥቶ አንድ መውሰድ ብዙ ጊዜ ይስማሙበታል፣ ክምሩም በአንድ ይቀንሳል፣ እናንተም ባዶ እጃችሁን አትመለሱም።

መስጠት ደግሞ ከባድ ነው፣ ቀላል ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ከዓመታት በፊት አንድ ካርቶን ሙሉ ለአንድ ትምህርት ቤት ሰጥቼ፣ ፎቶም ተነስቼ ነበር። ሦስት ዓመት ቆይቼ ለሌላ ጉዳይ ስሄድ ካርቶኑ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ገመዱን የቋጠርኩት እኔ ስለሆንኩ ቋጠሮውን ለየሁት። አልተፈታም። ያኔ ክምሬን ወደ ሰው ቤት አዛወርኩ እንጂ አልሰጠሁም ማለት ነው። አሁን ከመስጠቴ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ ቤተ መጻሕፍቱ በሩ በሳምንት ስንት ቀን ይከፈታል? የሚያዋስ ሰው አለ? የስንተኛ ክፍል ልጆች ናቸው የሚገቡት? ለስድስተኛ ክፍል ተማሪ የእርጅና ዘመን ግለ ታሪክ ሰጥቶ ምስጋና መጠበቅ ነውር ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ስም ላለው ሰው መስጠት ነው። ለቤተ መጻሕፍት አርባ ከመስጠት ለአንድ ሰው ሁለት። የጎረቤታችን ልጅ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ ትማራለች፤ «ጋሼ፣ እንትን ላይ የተጻፈ አለህ?» ብላ ትመጣለች። ለእሷ የሰጠኋቸው ሁሉ ተነብበዋል። እንደተነበቡም የማውቀው ስለምትከራከረኝ ነው።

ደራሲው ፈርሞ የሰጣችሁ መጽሐፍስ? ይሄ የባሕር ዳር ራስ ምታት ነው። አዲስ አበባ ላይ ፊርማ ያለበት መጽሐፍ አስፋልት ዳር ቢገኝ ማን ያውቃል። እዚህ ግን ደራሲው፣ ነጋዴውና እኔ አንድ ካፌ ነው የምንጠጣው። «ለወንድሜ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር» የሚለውን ገጽ ገንጥሎ መሸጥም አለ ይባላል፤ እኔ አልችልም። የተፈረመ መጽሐፍ ከቤት አይወጣም። ይህ ጽኑ ሕግ ነው፣ ቢበዛም ይብዛ።

ማዋስን ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ የተዋሰ መጽሐፍ አይመለስምና። ታዲያ ክምር ለመቀነስ ለሚፈልግ ሰው ይህ ችግር ነው ወይስ መፍትሔ? የማትሳሱለትን አውሱ። የምትሳሱለትን ለማንም አታውሱ።

አንድ የሞከርነው ነገር ደግሞ የመጽሐፍ እቁብ ነው። አምስት ጓደኛሞች ነን። በየወሩ እያንዳንዳችን አንዳንድ መጽሐፍ ይዘን እንመጣለን፣ ዕጣ እንጥላለን፣ የደረሰው አምስቱንም ይወስዳል። በሐሳብ ደረጃ ሸጋ ነበር። በአምስተኛው ወር ከመካከላችን አንዱ፣ የሒሳብ መምህሩ፣ ቡናውን አስቀምጦ «ቆይ፣ አምስት ሰጠሁ፣ አምስት ተቀበልኩ፤ ምኑ ላይ ነው የቀነሰው?» አለ። ሁላችንም ዝም አልን። አሁን አሻሽለነዋል። ዕጣ የደረሰው ከአምስቱ ሁለት ብቻ ይመርጣል፤ ቀሪው ሦስት እዚያው ለተስማማንበት ሰው ይሰጣል። በዙሩ እያንዳንዱ አምስት ያወጣል፣ ሁለት ያስገባል። ሌላ ጥቅምም አለው። በሚቀጥለው ወር «እንዴት ነበረች?» የሚል ሰው ስላለ፣ በእቁብ የወሰዳችኋትን ሳያነቡ መምጣት ያሳፍራል። ብቻውን የማያነብ ሰው ከድርሻም ከካርድም በፊት እቁብ ይግባ።

ባይገዛስ? ኪራይና ስልክ

የኔ ዕድሜ ሰዎች የመጽሐፍ ኪራይን ታስታውሳላችሁ። ማስያዣ ትሰጣላችሁ፣ በቀን ሳንቲም ትከፍላላችሁ። ከ500 ገጽ በላይ የሆነ ልቦለድ በሦስት ቀን የጨረስኩት ያኔ ነው፤ አራተኛው ቀን ሒሳብ ነበረዋ! አሁን ኪራይ እንደ ድሮው አይበዛም። ግን ትምህርቱ ይቀራል፦ የመመለሻ ቀን ያለው መጽሐፍ ይነበባል። ከቤተ መጻሕፍት የመዋስ መብት ካላችሁ፣ ቀስ ብለው የሚነበቡትን ግዙ፣ የሚያጣድፉትን ተዋሱ። ብዙዎቻችን ተቃራኒውን ነው የምናደርገው።

ስልክ ቦታ አይዝም፣ ምስጥም አይበላውም። ነገር ግን ቴሌግራም ላይ ያጠራቀምኩትን ፒዲኤፍ ብቆጥረው ከወለሉ ክምር ይበልጣል። የማይታይ ክምር አያሳፍርም፣ የማያሳፍር ክምር ደግሞ ገደብ የለውም። ሌላም አለ። እዚያ ከሚዘዋወረው ብዙው ደራሲው ሳይፈቅድ ስካን የተደረገ ነው። እኛ አገር ስንቱ ደራሲ ከኪሱ አሳትሞ፣ ራሱ ተሸክሞ እንደሚያከፋፍል እያወቅሁ በነፃ ማውረዱ ይከብደኛል። ወደፊት የመግዛት አቅም ሳይኖረኝ ሲቀር ሐሳቤን እቀይር ይሆናል፤ ለጊዜው ግን የስልኩን መንገድ በሕጋዊ መንገድ ለሚሸጡት ብቻ ትቼዋለሁ።

መስማትን ግን አትናቁት። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶ፣ መጽሐፉን ሳይገልጥ በቃሉ የሚያወራላችሁ ስንት ሰው አለ! እነሱን አላነበባችሁም ማለት ይከብዳል። ከሽምብጥ መሀል ከተማ ድረስ በዘንባባው ሥር በእግር የሚሄድ ሰው በሳምንት ሁለት ሦስት ሰዓት ጆሮው ባዶ ነው። ለልቦለድ ይሆናል። ለጥናት መጽሐፍ አይሆንም፤ ወደ ኋላ መመለስ ስታበዙ መንገዱ ያልቃል።

ይቀመጥ ካላችሁ

ሁሉም መነበብ የለበትም። መዝገበ ቃላት ማን ከዳር እስከ ዳር ያነባል? አንድ ቀን የሚፈለጉ፣ ሌላ ቦታ የማይገኙ፣ ልጆች አድገው የሚገልጧቸው አሉ። እነሱን «ያልተነበበ» ብላችሁ አትቁጠሯቸው፤ ለብቻ ደርድሯቸው። እኔ 30 ያህሉን ወደዚያ አዛውሬ ዕዳዬ የተሰረዘልኝ ያህል ተንፍሻለሁ። ማታለል ነው ያለችኝ ባለቤቴ ናት።

ባሕር ዳር ላይ መጽሐፍ ማስቀመጥ ግን ሥራ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሐይቁ ዳር ያለ ቤት ወረቀቱን ያረጥበዋል፤ ሽፋኑ ይጠቀለላል፣ ገጹ ይሻግታል። መጽሐፍ ወለል ላይ አይቀመጥም። መደርደሪያው ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፣ ከግድግዳው አንድ ጭብጥ ያህል ይራቅ። እግሮቹን የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ የሚያቆሙም አሉ፤ አያምርም፣ ግን ምስጥ አይሻገረውም። በፌስታል አስሮ ማስቀመጥ ከሁሉ የከፋ ነው፤ እርጥበቱን አብሮ ነው የሚያስረው። መስከረም ሲጠባ አውጥታችሁ አናፍሱት፣ ጥላ ላይ እንጂ ፀሐይ ላይ አይሁን። በማጣበቂያ ብቻ የተጠረዘውን የኛን አገር መጽሐፍ ፀሐይ ከመታው ማጣበቂያው ይደርቅና ገጹ አንድ በአንድ ይረግፋል።

የገዳማቱን መጻሕፍት ያየ ሰው ይህን ሁሉ ቀድመው እንዳወቁት ይገባዋል። ብራናው የቆዳ ማኅደር ይለብሳል፣ በማንገቻው ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል። ከመሬት የራቀ፣ አየር የሚያገኘው፣ አይጥ የማይደርስበት። ሐይቁ መሀል ላይ ዘመናት የቆየው በዚያ ነው። የኔው ወለል ላይ ሦስት ክረምት አልቆየም።

ለማን የቱ?

ኪራይ ቤት የምትኖሩና በየዓመቱ የምትለቁ ከሆነ ማስቀመጥን እርሱት፤ በ30 ገጽ ፈትናችሁ ለውጡ፣ ከ20 በላይ አትያዙ። አንድ ጊዜ በጋሪ ቤት የለቀቀ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የራሳችሁ ቤትና ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ልኩንና የቀን ድርሻውን አንድ ላይ ያዙ፤ ልጆቹም ስታነቡ ያያሉ። ብቻችሁን ስታነቡ እንቅልፍ የሚወስዳችሁ እቁብ ግቡ። ከአገር ልትወጡ ከሆነ ደግሞ ፈተናም አያስፈልግም፦ አሥር ምረጡ፣ ሌላውን ስም ላለው ሰው ስጡ፣ ዘመድ ቤት «ለጊዜው» ብላችሁ አታስቀምጡ። የዘመድ ቤት ካርቶን መጨረሻውን አውቀዋለሁ።

የኔ ክምር ዛሬ 106 ነው። 21 አንብቤያለሁ፤ ካርዷም ሦስተኛዋ ናት።

ባለፈው ቅዳሜ አዟሪው እንደ ልማዱ መጣ። ከአገጩ ሥር ያለችውን ሽፋን ሳያት ደነገጥኩ፤ ምስጡ የበላት ናት። ታትማ አልቃለች ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ለዓመቱ የተፈቀዱልኝን ሦስቱን ሽረት ግንቦት ሳይገባ ጨርሻቸዋለሁ። ካርዷን አወጣሁ። አንድ ጭረት።

«እስከ ቅዳሜ ትቆይልኝ?»

«ለእርስዎ ስል፣ ጋሼ። ከቅዳሜ ካለፈ ግን ፈላጊ አላት።»

ዛሬ ሐሙስ ነው። ከያዝኩት 84 ገጽ ይቀረኛል።